ወደ ኋላ ስናቆም ፍጥነቱን የሚይዘው የትኛው እግር ነው?

ጥያቄ፦ የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ጥቂት ወራት ነው። የምነዳው ማርሽ ያለው አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ነው። ፒያሳ አካባቢ በሁለት መኪኖች መካከል ወደ ኋላ ገብቼ ለማቆም ስሞክር መኪናው ወይ ይዘላል፣ ወይ ይጠፋብኛል። ባለቤቴ «ነዳጅ ስጪው» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር ይበልጥ እፈራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ መፍራትዎ ተገቢ ነው። ሜዳ በሆነ ቦታ ወደ ኋላ ለመግባት ነዳጅ መስጠት ጨርሶ አያስፈልግም፤ ፍጥነቱን የሚይዘው ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው ግራ እግርዎ ሲሆን፣ ቀኝ እግርዎ መቀመጥ ያለበት ፍሬን ላይ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት፣ ሲሠራ በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ የኋላ ማርሽም እንደ አንደኛ ማርሽ ጉልበታም ስለሆነ ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ቢለቁት መኪናው ያለ ነዳጅ በሰዓት ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህ የእግረኛ እርምጃ ቢሆንም በአንድ ሴኮንድ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ሊያስኬድ ስለሚችል፣ መሪ እያዞሩና ሁለቱን ስፖኪዮዎች እያዩ ለሚገቡ ሰው ይፈጥናል። ከዚያ ያነሰ ፍጥነት የሚገኘው ፍሪሲዮኑን በከፊል በመያዝ ብቻ ነው።

የግራ እግርዎን ተረከዝ ወለሉ ላይ አሳርፈው ፍሪሲዮኑን በጣም በዝግታ ይልቀቁ። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ሲልና መኪናው ሳብ ሲያደርግ እግርዎን እዚያው ላይ ያቁሙ። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር «ተሳካ» ብሎ የቀረውን ፍሪሲዮን በአንዴ ይለቀዋል፤ እርስዎን የገጠመዎት መዝለልም ሆነ የሞተሩ መጥፋት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምርብዎ ፍሪሲዮኑን በጥቂቱ ረገጥ ያድርጉት፤ መኪናው በራሱ ግፊት ትንሽ ይንሸራተትና ይቀዘቅዛል። ለማቆም ሲፈልጉ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጠው ፍሬኑን በለስላሳው ይያዙ። ባጃጅ ከኋላዎ ብቅ ካለ ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይርገጡ።

ወደ ታቦር ተራራ ጥግ እንዳሉት ዘንበል ባሉ መንገዶች ላይ ስልቱ ይለያል። የሚገቡበት ቦታ ከኋላዎ ቁልቁል ከሆነ ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ረግጠው ፍጥነቱን በፍሬን ብቻ ይቆጣጠሩ። ዳገት ከሆነ ባለቤትዎ የሚሉት ነዳጅ ያስፈልጋል፤ እሱም ጥቂትና የማይዋዥቅ መሆን አለበት፤ ፍሬኑን ትተው ነዳጅ እስኪሰጡ ድረስ መኪናው እንዳያመልጥዎ በእጅ ፍሬን ይያዙት።

የእርስዎ ዲኤክስ ባለ ካርቡራቶር ስለሆነ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሚኒሞው ከፍ ብሎ መኪናው ከሌላው ጊዜ ይፈጥናል ወይም ሚኒሞው ወርዶ ሞተሩ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ያሙቁት። ሞቆም ቢሆን በጥንቃቄ ሲለቁት የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ የእግርዎ ላይሆን ይችላልና መካኒክ ሚኒሞውን ያስተካክልልዎ።

ፍሪሲዮንን በከፊል ይዞ መቆየት የፍሪሲዮኑን ሸራ ይበላል። ለአንድ ጊዜ ማቆሚያ የሚሆነው ጉዳት ከቁጥር አይገባም፤ ደጋግመው ሲለማመዱ የመቃጠል ሽታ ከመጣ ግን ማርሹን ዜሮ አድርገው፣ እግርዎን ከፍሪሲዮኑ አንስተው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ።