ስለ «ኸርት» ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬው ርዕሳችን «ኸርት» የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል ናት። ሲያመን በየቀኑ የምንፈልጋት አጭር ቃል ናት፤ ግን ታሳስታለች። የመጡትን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ «እግሬን ያመኛል» ለማለት «አይ ኸርት ማይ ሌግ» ብል ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደለህም። «አይ ኸርት ማይ ሌግ» ካልክ ሰሚው የሚገባው እግርህን እንደጎዳህ ነው፤ ወድቀህ ወይም ተጋጭተህ። ቀጥሎ «ምን ሆነህ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ሕመሙን ብቻ ለመናገር «ማይ ሌግ ኸርትስ» በል።

ችግሩ የሚመጣው ከአማርኛችን ነው። «እግሬን ያመኛል» ስንል እግሩም ተሳቢ ነው፣ እኔም ተሳቢ ነኝ። አሳማሚው ማን እንደሆነ ግን ማንም አይናገርም፣ ማንም አይጠይቅም። እንግሊዝኛ ባለቤቱ ያልታወቀ ዓረፍተ ነገር አይወድም። ስለዚህ የሚያመውን አካል ራሱን ባለቤት ያደርገዋል። አካሉ ባለቤት ከሆነ የምታወራው ስለ ሕመም ነው። ሰውዬው ባለቤት ሆኖ አካሉ ተሳቢ ከሆነ ደግሞ ስለ ጉዳት። ይህን ከያዝክ ትልቁን ነገር ጨርሰሃል።

ጥያቄ፦ ለኃላፊ ጊዜ «ኸርትድ» ይባላል?

መልስ፦ አይባልም። ትናንትም «ኸርት»፣ ዛሬም «ኸርት»። እንደ «ፑት» እና «ካት» ማለት ነው። የምትለወጠው በአሁን ጊዜ ባለቤቱ «ሂ»፣ «ሺ» ወይም «ኢት» ሲሆን ብቻ ነው፤ ያኔ መጨረሻዋ ላይ «ስ» ትጨመራለች። ስለዚህ «ሂ ኸርት ሂዝ አርም» የሚል ካየህ፣ «ስ» ስለሌላት ብቻ ያለፈ ነገር መሆኑን ታውቃለህ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከሥራ ስቀር «አሞኛል» ለማለት «አይ አም ኸርት» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ደንግጦ ደወለልኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ አለቃሽ አደጋ የደረሰብሽ መስሎት ነው። «አይ አም ኸርት» ማለት ወይ ተጎድቻለሁ፣ ወይ ተከፍቻለሁ ነው። የእኛ «አሞኛል» ጉንፋኑንም፣ የወገብ ሕመሙንም ይሸከማል። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል። ጉንፋን ከያዘሽ «አይ አም ሲክ» በዪ። በብሪታንያ «ኢል» ማለትም የተለመደ ነው፤ እዚያ «አይ ዎዝ ሲክ» ብዙ ጊዜ «አስመለሰኝ» ተብሎ ሊሰማ ይችላል።

ጥያቄ፦ «ፔይን» እና «ኸርት» አንድ አይደሉም እንዴ? እኔ «አይ አም ፔይንፉል» እላለሁ።

መልስ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንደሱ ካሉ ሌላውን ሰው የሚያሳምሙት እርስዎ ሆኑ ማለት ነው! «ፔይንፉል» የሚባለው ቁስሉ፣ መርፌው፣ ትዝታው ነው እንጂ ታማሚው አይደለም። «ፔይን» በአብዛኛው ስም ነው። «አይ አም ኢን ፔይን» ይበሉ፤ «ኢን»ን አይርሷት። «ማይ ሌግ ኢዝ ፔይኒንግ ሚ» የሚለው በሕንድና በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች እንግሊዝኛ ይሰማል። ለእንግሊዝ ወይም ለአሜሪካ ሰው ጆሮ ግን እንግዳ ነው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ፈለጠኝ፣ ወጋኝ፣ ቆረጠኝ፣ ጠዘጠዘኝ እላለሁ። ለሁሉም «ኸርት» ይበቃል?

መልስ፦ ይበቃል፤ ግን ሐኪሙ ምንም አያገኝበትም። «ኸርት» ሕመም መኖሩን ትናገራለች እንጂ ዓይነቱን አትናገርም። እኛ ለእያንዳንዱ ሕመም የራሱ ግስ አለን። እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ዓይነቱን በቅጽል ያስቀምጥና «ፔይን» ከኋላው ያስከትላል። ውጋት «ስታቢንግ ፔይን» ወይም «ሻርፕ ፔይን» ነው። የሚጠዘጥዝ «ስሮቢንግ ፔይን»፣ የሚያቃጥል «በርኒንግ ፔይን» ይባላል። ለሆድ ቁርጠት «ስቶማክ ክራምፕስ» አለ። ደስ የሚለኝ የራስ ምታቱ ነው፦ «ራሴን ፈለጠኝ» ስንል እነሱም «ስፕሊቲንግ ሄዴክ» ይላሉ። «ስፕሊት» መፍለጥ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ራስ ላይ መጥረቢያ አዩ።

ግን ሁሉም እንዲህ አይገጥምም። «ጎኔን ወጋኝ» ለማለት «ኢት ስታብድ ሚ» ብትል ማን በጩቤ እንደወጋህ ይጠየቃል።

ጥያቄ፦ «ሄዴክ» ካለ ለምን «ሌጌክ» የለም?

መልስ፦ ልማድ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። «ኤክ» የሚጣበቀው ከጥቂቶች ጋር ነው፦ ከራስ፣ ከጥርስ፣ ከጆሮ፣ ከሆድ፣ ከጀርባ። ለቀረው «ኸርትስ» በሉ። አጻጻፉ የሚያስቸግራችሁም አላችሁ። ቃሉ በሲ እና በኤች ተጽፎ እንደ «ክ» ይነበባል። ድሮ በኬም ይጻፍ ነበር። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት የግሪክ ዘር ያለው መስሎት በሲኤች የሚጻፈውን ደገፈ። ግምቱ ስህተት ነበር፤ አጻጻፉ ግን ጸንቶ ቀረ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ «ዩ ኸርት ሚ» አለችኝ። እጄን እንኳ አላነሳሁባትም!

መልስ፦ ልቧን ነው ያልከው ነገር የነካው። ከቃል ጋር የመጣ «ኸርት» ቅር መሰኘት ነው። ከክርክሩ ይልቅ ይቅርታው ይቅደም።

ጥያቄ፦ «ኢት ዎንት ኸርት ቱ አስክ» ምን ማለት ነው?

መልስ፦ «ብትጠይቅ ምን ትጎዳለህ?» እንደማለት ነው። ሕመም የለበትም።

ጥያቄ፦ «ስውጥ በጣም ያመኛል» እንዴት ይባላል?

መልስ፦ «ኢት ኸርትስ ኤ ሎት ዌን አይ ስዋሎው»። «ቬሪ ኸርትስ» አይባልም፤ «ቬሪ» ከግስ ጋር አትሄድም። ጉሮሮህ በጉንፋን ምክንያት ከሆነ «አይ ሃቭ ኤ ሶር ስሮት» ብትል ያጥራል።