ሥጋ የነፍስ እስር ቤት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሥጋ የነፍስ እስር ቤት ነው፣ የምንጾመውም እርሱን ለመቅጣት ነው ሲባል ሰምቼ ሐኪም ያዘዘልኝን የጠዋት መድኃኒት በዐቢይ ጾም ተውኩት። መውሰዱ ለሥጋ ማድላት መሰለኝ። አጥፍቻለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ ዛሬውኑ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ፤ መድኃኒትሽን እንዳዘዘልሽ ውሰጂ፤ አጿጿምሽን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ። እኔን ያሳዘነኝ «እስር ቤት» ያልሽው ነው፤ ከስንት ጿሚ አፍ ሰምቼዋለሁ!

ይህ ቃል ከአቴና እንጂ ከወንጌል አልመጣም። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ፣ መምህሩ ሶቅራጥስ መርዙን ሊጠጣ ሲል ተናገረው ብሎ በጻፈው ውስጥ፣ ነፍስ በሥጋ የታሰረች ናት፣ ሞትም መፈታት ነው ይላል። እንዲህ ለሚያስብ ሰው የሥጋ ትንሣኤ ወደ ወኅኒ መመለስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ትንሣኤ ሙታንን ሲሰብክ ያፌዙበት ነበሩ (ሐዋ. 17፥32)።

ሐሳቡ ግን ወደ ክርስቲያኖችም ገባ። በእስክንድርያ ያስተማረው አርጌንስ ነፍሳት ከሥጋ በፊት ነበሩ እስከ ማለት ደረሰ፤ ኋላ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቴዎፍሎስ በ400 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ትምህርቱን አወገዘ። የአርጌንስን መንገድ የተከተለው የግብፅ በረሃው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ ደግሞ፣ ነፍስን እንደ ፕላቶ በምኞት፣ በቁጣና በማስተዋል ከፍሎ ክፉ ሐሳብ በየት በኩል እንደሚፈትነን አስተማረ። ይህ ለተጋዳይ ይጠቅማልና ወደ ሶርያውያን ተሻግሮ በ7ኛው መቶ ዓመት ከመነኩሴው ማር ይስሐቅ ደረሰ፤ የእርሱ መጽሐፍ ደግሞ በግእዝ ተተርጉሞ የመነኮሳቶቻችን መማሪያ ሆነ። አየሽ፣ አባቶች ከግሪኮች አውድማ ፍሬውን ወሰዱ፣ ገለባውን ለነፋስ ሰጡ። አንቺ የያዝሽው ገለባውን ነው። በምዕራብ እንኳ በ13ኛው መቶ ዓመት ቶማስ አኩዊናስ፣ የሌላውን የግሪክ ፈላስፋ የአርስቶትልን ትምህርት የተከተለው፣ «ነፍሴ እኔ አይደለችም» ብሎ ጽፏል፤ ሰው ማለት ሁለቱም በአንድነት ነውና።

«ታዲያ የሥጋ ሥራ የተባለው?» ትዪኝ ይሆናል። ዝርዝሩን አንብቢው፦ ጥል፣ ቅንዓት፣ ቁጣ፣ ምቀኝነት (ገላ. 5፥20-21)። ምቀኝነት በየትኛው ጅማትሽ ይበቅላል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትቀምሺ ውለሽ በጎረቤትሽ ብትቀኚ፣ ሥጋሽ ጾሟል፤ የገደፈችው ነፍስሽ ናት። ቃል ሥጋ ሆነ እንጂ ሥጋን አልተጸየፈም። በቅዳሴ ቀርበሽ የምትቀበዪው ምኑን ነው? ሥጋውን አይደለምን? እርሱ የተዋሐደውን አንቺ እስር ቤት አትበዪው፤ እባክሽ።

ነገ ጠዋት መድኃኒቱን ስትወስጂ በስመ አብ ብለሽ ውሰጂው።