የካራቫን ሞዞ ሲግል ግሪስ መጨመር ለምን አይበቃም?

ጥያቄ፦ «ባለፈው ነሐሴ ባለአንድ አክስል ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) እየጎተትን ከሜልቦርን ተነስተን፣ በደቡብ አውስትራሊያ ከማሪ እስከ ማርላ የሚዘልቀውን የኡድናዳታ ፒስታ መንገድ ተጓዝን። ማርላ ስንደርስ የግራው ጎማ ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት መሃለኛው ክፍል) ከመጋሉ የተነሳ እጅ አያስነካም ነበር። በሞዞው ቆብ ላይ ባለው ኒፕል ግሪስ ሞልቼ ብቀጥልም፣ ኩበር ፒዲ ስንደርስ ይባስ ብሎ ግሎ ነበር፤ ግሪሱም በቸርኬው የውስጥ ገጽ ላይ ተረጭቶ አገኘሁት። በመጪው ሐምሌ በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ ወዳለው ጊብ ሪቨር መንገድ መሄድ እንፈልጋለን። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከጻፉልኝ ሁሉ ያሳሰበኝ ግሪሱ የተረጨበት ቦታ ነው። ግሪስ ከቸርኬው በስተውስጥ ታየ ማለት ከሞዞው ጀርባ ያለው ፓራሊዮ (ግሪሱ እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) ለቋል ማለት ነው። በቆቡ በኩል በፓምፕ የሚገባው ግሪስ ሞዞውን ከሞላ በኋላ ሌላ መውጫ ስለሌለው የኋላውን ፓራሊዮ ገፍቶ ወደ ፍሬኑ ታምቡር ይፈስሳል። ያ ቀዳዳ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ የበረሃው አቧራና ውኃ በዚያው ይገባሉ። ስለዚህ ሞዞው የጋለው ግሪስ አንሶት አይመስለኝም፤ ተጨማሪ ግሪስ መሙላትዎም ችግሩን ወደ ፍሬኑ አዛመተው።

ግምቴ መነሻው ውኃ ነው የሚል ነው። በአልጀበኪና አሮጌው የባቡር ድልድይ አጠገብ ያለውን የኒልስ ወንዝ መሻገሪያ ውኃ ሳለበት አቋርጠው ከሆነ፣ በረጅም ጉዞ የሞቀው ሞዞ ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በፓራሊዮው ከንፈር በኩል ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ውኃ የገባበት ግሪስ እንደ ወተት ይነጣል፣ ማለስለሱንም ያጣል፤ በሞዞው ውስጥ ጎማውን በሮለሮች ላይ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታም ይዝጋል።

ሆኖም ከመፍታትዎ በፊት ሙቀቱ ከፍሬኑ አለመምጣቱን ያረጋግጡ፤ የኤሌክትሪክ ፍሬኑ መቆጣጠሪያ ከልክ በላይ ከተከፈተ ወይም የፍሬኑ ሸራ ታምቡሩን እየነካ ከሆነ ሞዞው እንዲሁ ይግላልና። ካራቫኑን በክሪክ አንስተው አስተማማኝ ድጋፍ ካስገቡ በኋላ ጎማውን በእጅ ያሽከርክሩት። የመፋቅ ድምፅ ከፍሬን ነው፤ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ድምፅ ግን ከኩሽኔታ ነው። ከዚያም ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያነቃንቁት፤ በግልጽ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም ተበልቷል።

ሞዞውን ሲፈቱ አሮጌውን ግሪስ ሙሉ በሙሉ አጥበው ሮለሮቹንና በሞዞው ውስጥ ተጠምደው የሚቀሩትን የውጪ ቀለበቶች በብርሃን ይመርምሩ። ሰማያዊ ቀለም የመቃጠል ምልክት ነው፤ ጥቃቅን ጉድጓዶችና ጥቁር ሰረዞች ደግሞ ውኃ እንደበላው ያሳያሉ። ከእነዚህ አንዱን ካዩ ኩሽኔታውንና ቀለበቱን አንድ ላይ ይቀይሩ፤ አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት ላይ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። አውስትራሊያ ውስጥ መለዋወጫ ሻጮች የተጎታች ኩሽኔታዎችን አብዛኛውን ጊዜ «ሆልደን» እና «ፎርድ» በሚል ይለያሉ፤ ይህ የመኪናዎን ዓይነት አይመለከትም። በኩሽኔታው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያንብቡ፦ የውስጠኛው 67048 ከሆነ ሆልደን፣ 68149 ከሆነ ፎርድ ነው።

ፓራሊዮውን የግድ በአዲስ ይተኩ፤ የአክስሉ ጫፍ ፓራሊዮው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ተፍቆ ቦይ ሠርቶ ከሆነ ግን አዲሱም ስለሚያፈስ መጀመሪያ እሱ ይጠገን። ግሪስ የጠጣ የፍሬን ሸራ ታጥቦ አይድንም፤ ብሬክ ሲይዙ ካራቫኑ ወደ አንድ ወገን እንዳይጎትት የግራውንም የቀኙንም ሸራ አብረው ይቀይሩ። ለሙቀት የሚሆን ጥሩ የኩሽኔታ ግሪስ በእጅ መዳፍ እየገፉ በሮለሮቹ መካከል እስኪያልፍ ይሙሉት፤ ሞዞውን ግን ጢም አድርገው አይሙሉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሞዞውን በአክስሉ ጫፍ ላይ በሚይዘው ዳዶ ላይ ነው። ጎማውን እያሽከረከሩ ዳዶውን ጠበቅ ያድርጉት፤ ይህ ሮለሮቹን በቦታቸው ያስቀምጣል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ አላልተው በጣት ብቻ እስኪነካ ይመልሱት፤ የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚቆልፈው ፒን) ቀዳዳ ካልገጠመ ወደ መላላት እንጂ ወደ መጥበቅ አይውሰዱት። ኮፒሊያውም ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። ከመጠን በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ ያለ ውኃና ያለ አቧራም ይቃጠላል።

የጊብ ሪቨር መንገድ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው ሞገዳማ ጠጠር ነው፤ ስለዚህ ካራቫንዎ ለእንዲህ ያለ መንገድ የተሠራ መሆኑን ከወዲሁ ያጣሩ። እንደ ፔንተኮስት ያለ ወንዝ ከመሻገርዎ በፊት ሞዞዎቹ እስኪበርዱ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቁሙ፤ ነገር ግን አዞ ስላለ ቤተሰብዎን ከውኃው ዳር ያርቁ። ግሪስ የተሞላ አንድ ሙሉ የኩሽኔታ ጥንድ ከነቀለበቱ፣ ፓራሊዮ፣ ኮፒሊያና ቆብ በላስቲክ ጠቅልለው ይያዙ፤ በዚያ መንገድ መለዋወጫ ሻጭ በቅርብ አይገኝምና።

ጥገናው እንዳለቀ መጀመሪያ ቤትዎ አካባቢ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ሁለቱን ሞዞዎች ያነጻጽሩ። ሁለቱም ለብ ማለታቸው ጤና ነው፤ አንዱ ብቻ እጅ የማያስነካ ከሆነ ግን ጉዞው ሳይጀመር እንደገና ይፈታ።