ህልም ስለመጻፍ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ህልሜን መመዝገብ ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆነኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሰሞኑን «ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ የቻልኩትን እነሆ።

«እኔ ህልም አላይም። ባዶ ደብተር ታቅፌ ልደር?» (ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)

ታያለህ፤ የሚጠፋብህ ስትነሳ ነው። እንቅልፋችን በየ90 ደቂቃው ገደማ ይዞራል። በየዙሩ ዓይናችን እንደተከደነ ቶሎ ቶሎ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ አለ፤ ተመራማሪዎች ይህን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ደማቁ ህልም በብዛት የሚታየው ያኔ ነው፤ ጊዜውም ወደ ንጋት እየረዘመ ይሄዳል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝተህ ሌሊት 9 ሰዓት ለጥናት የምትነሳ ከሆነ ዋናው ህልም አመለጠህ።

ስትነቃ አትገላበጥ፤ ስልክም አትንካ። ዓይንህን ሳትገልጥ «ምን ተሰማኝ?» በል። የኛን ብርድ ታውቀዋለህ፤ እጅን ከብርድ ልብስ ማውጣት ራሱ ትግል ነው። እኔ ደብተርና እርሳሴን ትራስ ስር አድርጌ ነው የማድረው። ምንም ትዝ ካላለህ «ከፍቶኛል» ብቻ ብለህ ጻፍ። ይበቃል።

«ጥርሴ ሲወልቅ አየሁ። ማን ሊሞትብኝ ነው?» (እናት፣ መሐል ሜዳ)

እትዬ፣ ለደግ ያድርግልዎ። እናቴም የጥርስ ህልም ካየች ያን ቀን ስልክ በጠራ ቁጥር ትደነግጣለች። ግን ህልም ነገን እንደሚናገር ማረጋገጫ የለም። ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባል የለ? እንግዲህ ፈቺዋ እርስዎ ይሁኑ። ጥርሱ ሲወልቅ አፈሩ ወይስ አዘኑ? አጠገብዎ ማን ነበር? ትናንት ማንን ሲያስቡ ዋሉ? መጻፍ ካልተመቸዎት ለልጅ ይንገሩና ይጻፍልዎ። ሩቅ ያለ ልጅ ካለዎት ደግሞ ህልሙን ሳያነሱ ደውለው ድምፁን ይስሙ።

«አንቺስ ስለራስሽ ምን አወቅሽ?» (አንኮበር)

አንድ ገጽ ላካፍላችሁ። «አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ገባን። ሹፌር የለም። ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ብሎ እኔን ያያል። አልፈራሁም፤ አፈርኩ።»

በማግስቱ ምንም አልገባኝም። ከወር በኋላ ደብተሩን ሳገላብጥ «አፈርኩ» የሚለው ቃል 5 ቦታ ተጽፏል። አንዱ ሰርግ ቤት፣ አንዱ ወንዝ ዳር፣ አንዱ የድሮ ትምህርት ቤቴ። በሁሉም ሰው ከኔ የሚጠብቀው ነገር አለ፤ እኔ አላደረግኩትም። ያን ጊዜ የቤተሰቡን ወጪ ብቻዬን ተሸክሜ «አልቻልኩም» ማለት አቅቶኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ለወንድሜ ነገርኩት። ዋሻው ምን ማለት ነው እያልኩ ብፈታ ብውል ይህን አላገኘውም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ስሜቱን ጻፉ፤ ታሪኩ ይከተላል።

«ዱካክ ይይዘኛል። እጮሃለሁ፣ ድምፄ አይወጣም።» (ሸዋ ሮቢት)

በህልም ሰዓት ሰውነታችን እንዳይወራጭ ጡንቻችን ይዝላል። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፤ ሰውነት ይዘገያል። በጣም ያስፈራል፣ ግን ብዙ ሳይቆይ ይለቃል። እንቅልፍ ማጣትና በጀርባ መተኛት ያባብሱታል። በያዘህ ቀን ስንት ሰዓት እንደተኛህ መዝግብ።

«ቤታችን ሲቃጠል በየሌሊቱ አያለሁ። ይህንንም ልጻፍ?» (አጣዬ)

አይዞሽ እህቴ። ሌሊት እንደባነንሽ አትጻፊው። ተነሺ፣ መብራት አብሪ፣ ውሃ ጠጪ። ቀን፣ ሰው አጠገብሽ ሳለ፣ ህልሙን በአጭሩ ጻፊና መጨረሻውን እንደፈለግሽ ቀይሪው። ጎረቤት ይድረስ፣ እሳቱ ይጥፋ፣ እናትሽን ይዘሽ ውጪ። ከዚያ አዲሱን ታሪክ በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በሐሳብሽ ተመላለሺበት። ለሚደጋገም ቅዠት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ ብዙ ሰው ረድቷል። መጻፉ የሚያንቀጠቅጥሽ ከሆነ ግን ተዪው። ሆስፒታል ሂጂና የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግሪ። ብቻሽን አትሸከሚው።

«ባሌ ደብተሬን ቢያነብስ?» (ደብረ ሲና)

ደብቂው። የኔ ቀን ቀን የሚውለው በታጠፈ ባና ውስጥ ነው።