ስለ ትራክ ሬዲዮ ጠይቁኝ፤ በተለይ ስለ አንቴናው

ሰላም የመንገድ ወንድሞችና እህቶች። አሜሪካ ውስጥ ትራክ ስነዳ 13 ዓመት ሆነኝ፣ የሃም (የአማተር ሬዲዮ) ላይሰንስ ካወጣሁ ደግሞ 6 ዓመቴ ነው። ሰሞኑን ስለ ሬዲዮ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ሁላችሁም እዚሁ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥ፦ ጋሼ፣ ስልክና ጂፒኤስ እያለ ሲቢ (ሹፌሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሬዲዮ) ምን ያደርግልኛል?

መ፦ ወንድሜ፣ የደረሰብኝን ልንገርህ። ጥር ላይ ነው፣ ዋዮሚንግ ውስጥ በአይ-80 ከላራሚ ወደ ራውሊንስ እየሄድኩ። ንፋሱ በረዶውን ከመሬት እያነሳ መንገዱ ላይ ይበትነዋል፣ ከፊቴ ያለው የትሬይለር መብራት አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል። ጂፒኤሱ መንገዱ ክፍት ነው ይላል። ያኔ ቻናል 19 ላይ አንድ ሹፌር «ወደ ምዕራብ የምትሄዱ ቀንሱ፣ ኤልክ ማውንቴን መውጫው ጋ ትራክ ታጥፎ መንገዱን ዘግቶታል» አለ። ቀነስኩ። ሁለት ማይል ያህል እንደሄድኩ ትሬይለሩን መንገዱ ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ያን ድምፅ ባልሰማ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍ አይመስለኝም። ስልክ የምታውቀውን ሰው ነው የሚያገናኝህ፣ እኔን ያዳነኝ ግን ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው ነው። ቻናል 9 ደግሞ የድንገተኛ አደጋ ነው፣ እባካችሁ ወሬ አታውሩበት።

ጥ፦ 300 ዶላር አውጥቼ ሲቢ ገዛሁ፣ ከአንድ ማይል በላይ ግን የሚሰማኝ የለም። ልመልሰው?

መ፦ አትመልሰው፣ አንቴናህን እይ። ሕጉ ለሲቢ በኤኤም የሚፈቅደው 4 ዋት ብቻ ነው። የ60 ዶላሩም የ300ውም ከዚያ አያልፍም። የሲቢ ሞገድ ወደ 11 ሜትር ይረዝማል፣ አንቴናው ደግሞ በደንብ እንዲሠራ የዚያን ሩብ፣ ማለትም 2.7 ሜትር አካባቢ ይፈልጋል። ያን ያህል ዘንግ ትራክ ላይ ስለማይመች አጭር ዘንግ ላይ ሽቦ ጠምጥመው ይሠሩታል። የቀረውን ግማሽ ሥራ የሚሠራው የትራኩ ብረት ነው። አንቴናው ከብረቱ ጋር በደንብ ካልተገናኘ የላክኸው ኃይል ወደ ሬዲዮው ይመለሳል።

እኔም በመጀመሪያው ትራኬ ላይ አንቴናውን ስፖኪዮው ላይ አስሬ ኤስ ደብሊው አር ሜትሩ (ወደ ሬዲዮው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳየው) ከ3 በላይ አሳየኝ። ብራኬቱን ፈታሁት። ከብሎኑ ሥር ቀለም አለ፣ ቀለሙ የተላጠበትን ደግሞ የመንገዱ ጨው አዝጎታል። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ትንሽ ወረደ እንጂ አልተስተካከለም። ለካ በሩ ራሱ በማጠፊያው በኩል ከጋቢናው ብረት ጋር በደንብ አይገናኝም! ከብራኬቱ እስከ ጋቢናው ጠፍጣፋ የመዳብ ሽቦ ስስብለት 1.4 ላይ ቁጭ አለ። ሬዲዮው ያው ሬዲዮ ነው፣ ግን ያን ማታ ብዙ ማይል ርቆ ካለ ሹፌር ጋር አወራሁ።

ጥ፦ ሜትሩን እንዴት ነው የማነበው?

መ፦ ኤስ ደብሊው አር ሜትሩን በሬዲዮውና በአንቴናው ኬብል መካከል አስገባው። ሌላ ትራክም ግድግዳም አጠገብህ በሌለበት ገላጣ ቦታ ቁም፣ በሩን ዝጋ። ቻናል 1ን፣ ከዚያ 40ን ለካ። 40 ላይ ከፍ ካለ አንቴናው ረዝሟል፣ 1 ላይ ከፍ ካለ አጥሯል። ጫፉን በጥቂቱ እያስተካከልክ እንደገና ለካ። ከ1.5 በታች በጣም ጥሩ ነው፣ እስከ 2 ድረስም ችግር የለውም። ከ3 በላይ ከሆነ ግን ማይኩን አትጫን፣ ሬዲዮውን ታቃጥለዋለህ።

ጥ፦ አንድ አንቴና ይሻላል ሁለት?

መ፦ በደንብ የታሰረ አንድ ይበቃል። ሁለት ከፈለግህ ለሁለት አንቴና የተሠራውን ባለ 75 ኦም ኬብል ግዛ፣ ለአንድ አንቴና ግን ባለ 50 ኦሙን። ሰዎች እነዚህን ሁለቱን እየቀላቀሉ ነው ሜትሩ አልስተካከል የሚላቸው።

ጥ፦ ትራክ ስቶፕ ያለ ሱቅ «ኃይሉን እንጨምርልህ» አለኝ።

መ፦ ይቅርብህ። ሲቢ ላይ አምፕሊፋየር መግጠም ክልክል ነው። ድምፅህም ይበላሻል፣ የሌላውንም ሰው መስመር ታበላሻለህ።

ጥ፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ሃም መፈተን እችላለሁ? እንግሊዝኛዬም ብዙ አይደለም።

መ፦ ትችያለሽ እህቴ። የውጭ መንግሥት ተወካይ ካልሆንሽ ዜግነት አይጠየቅም። የመጀመሪያው ደረጃ ቴክኒሽያን ይባላል፣ 35 ጥያቄ አለው፣ 26 ከመለስሽ አለፍሽ። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው አስቀድመው ይፋ የሆኑ ስለሆነ ጭነት እስኪጫንልሽ እየጠበቅሽ በስልክሽ ማጥናት ትችያለሽ። የሞርስ ኮድ (በነጥብና በሰረዝ የሚላከው) እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ አይጠየቅም። ለላይሰንሱ መንግሥት 35 ዶላር ይወስዳል፣ 10 ዓመት ያገለግላል። በጣም ደስ የሚለኝ ደግሞ በአማርኛ ማውራት መፈቀዱ ነው! የጥሪ ስምሽን (ከላይሰንሱ ጋር የሚሰጥሽን መለያ) ብቻ በየ10 ደቂቃውና ስትጨርሺ በእንግሊዝኛ ትናገሪያለሽ። የሥራ ጉዳይ ግን አይወራበትም፣ ጭነት ከሚመድብልሽ ዲስፓቸር ጋር ስለ ሎድ መነጋገር ክልክል ነው። ለሱ ሲቢ አለልሽ።

ጥ፦ ጅቡቲ መስመር ለሚነዳ ወንድሜ አንድ ሲቢ ሻንጣ ውስጥ ልላክለት?

መ፦ አትላክ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሬዲዮ መገናኛ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ወንድምህን ችግር ውስጥ ታስገባዋለህ። ሃም ለሚወድ ግን አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ጋ ኢቲ3ኤኤ የሚባል የክለብ ጣቢያ አለ፣ እዚያ ይጠይቅ።

ጥ፦ ነዳጅ ስሰጥ ሲቢው ውስጥ ዊዊዊ የሚል ድምፅ ይመጣል።

መ፦ ከሲጋራ መለኮሻው ነው የሰካኸው አይደል? ንቀለውና ሁለቱንም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው አምጣ። የትራክህ ባትሪ ብዙ ስለሆነ ሁለቱም ሽቦ አንዱ 12 ቮልት ባትሪ ላይ መሆኑን በቴስተር አረጋግጥ። ፊውዙን ደግሞ ሬዲዮው ጋ ሳይሆን ባትሪው አጠገብ አድርገው፣ ሽቦው መንገድ ላይ ቢላጥ እሳት እንዳይነሳ።