ለወጣት ተቋራጮች፦ ጎረቤት ሳይትን ተዋወቁ

ልጆቼ፣ ፈቃድ አውጥታችሁ ሥራ ስትጀምሩ ሰው ሁሉ ስለ ጨረታ ይመክራችኋል። እኔ ስለ ጎረቤት ሳይት ልንገራችሁ።

ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ የሚሞላበትን ቀን አስቡ። ግማሹ ከተሞላ በኋላ ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚጠቀጥቀው ማሽን፣ ቫይብሬተሩ፣ ቢቆምስ? ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ ማለት አይቻልም። ሙሌቱ ያልታሰበበት ቦታ ላይ ከተቋረጠ አዲሱ ኮንክሪት ከደረቀው ጋር በደንብ አይያያዝም። ቆይቶ ውሃ የሚያሳልፈውም በዚያው በኩል ነው። ያን ሰዓት የሚደርስላችሁ ከመንገዱ ማዶ ያለው ተቋራጭ ነው። ስለዚህ ሳይት እንደገባችሁ ሄዳችሁ ተዋወቁት። ሻይ ጠጡ፣ ስልኩን ያዙ። እሱ ሲቸግረው ደግሞ ሳትለመኑ ድረሱለት።

ሲሚንቶም እንዲሁ ነው። ሥራ ሲቆም መጋዘን ውስጥ ከርሞ ጉልበቱን ያጣል። ለሚፈልገው አበድሩ፤ በኋላ ትኩሱን ይመልስላችኋል። ግን ጻፉት፤ ስንት ኩንታል፣ ምን ዓይነት፣ መቼ እንደሚመለስ። ብድሩ በብር ሳይሆን በዓይነት ይመለስ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋ እንዴት እንደሚሸሽ አይታችኋል።

የጎረቤትን ፎርማን ግን አታስኮብልሉ። ሰፈሩ ውስጥ ስማችሁን እንደዚህ የሚያጠፋ ነገር የለም።

ሁለት ትንንሽ ድርጅቶች በሽርክና ትልቅ ሥራ ቢይዙ ደስ ይለኛል። አንዱ ማሽን አለው፣ ሌላው ባለሙያ። ሆኖም አሠሪው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ያደርጋል። የሸሪካችሁ ጥፋት የእናንተም ዕዳ ይሆናል ማለት ነው። ከጨረታው በፊት በግልጽ ተነጋገሩ። ቅድመ ክፍያው የትኛው ሒሳብ ይገባል? ማን ይፈርማል? ለዋስትናው ማን ያስይዛል? ሸሪካችሁ የእናታችሁ ልጅ ቢሆንም ጠይቁ፤ መልሱንም በውል አስፍሩ።

መተባበር ስል ግን ዋጋ ተመካክሮ ጨረታ መግባትን አይደለም። ሕግ ይከለክለዋል፤ የሚከፍለውም ሕዝብ ነው። ዋጋችሁን ለየብቻ ሥሩ፣ በሥራው ተረዳዱ።

የተቋራጮች ማኅበር ውስጥም ግቡ። ክፍያ የዘገየበት አንድ ሰው ሲጮህ የግል ብሶት ይመስላል። ብዙዎች በማስረጃ ሲቀርቡ አሠሪው መሥሪያ ቤት ቁጭ ብሎ ይነጋገራል። ስለዚህ ስብሰባ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ የክፍያ ሰርተፊኬቱን (ለሠራችሁት ሥራ የሚከፈላችሁ ልክ የጸደቀበትን ወረቀት)፣ የጻፋችኋቸውን ደብዳቤዎችና የተሰጣችሁን መልስ ይዛችሁ ቅረቡ።