«ሞተሩ ይቀየር» ላሉህ ወንድሜ፦ መጀመሪያ ወረቀቱን ጠይቅ

የጠየቅከውን አነበብኩት። ዋስትናዋ ድሮ ያለቀ ኮሮላ፣ የሽሮ ሜዳን ዳገት ስትወጣ የሙቀት ጌጁ ቀይ ይነካል። ውሃ ትጨርሳለች፣ ከሥሯ ግን ጠብታ የለም። መካኒኩም «ሞተሩ አብቅቶለታል፣ ይቀየር» አለህ። የኔም ጉድ ይኸው ነበር። ረዘም ቢል ታገሰኝ።

1. ጌጁ ከፍ ሲል አትንዳ። «ቤት ልድረስ» የምትባለዋ አምስት ደቂቃ ናት ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) የምታጣምመው። ጥግ ይዘህ አጥፋ። ራዲያተሩ ትኩስ እያለ ደግሞ እንዳትከፍተው፣ ፊትህን ነው የሚልጠው።

2. የራዲያተሩን ክዳን ቀይር። ሰው ይንቀዋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር ደግሞ በደህናው ቀንም ከ90 ብዙ አይርቅም። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው። እሱ ከላላ ጤነኛ ሞተርም ያፈላል። ኩላንትም (ዝገት የሚከላከለውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ጨምርበት፣ የቧንቧ ውሃ ብቻውን ውስጡን ያዝገዋል። «ቴርሞስታቱን (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን) አውጥተን እንጣለው» የሚልህ ካለ ጋራዥ ቀይር።

3. ሞተር ከመግዛትህ በፊት ያለህ ሞተር እውነት መሞቱን አረጋግጥ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና አስነሳ። አረፋው አላቋርጥ ካለ፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ከበዛ፣ ወይም የዘይት ክዳኑ ሥር ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከተጋገረ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተበላው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፣ ማለትም በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል የሚገባው ማሸጊያ። ካንዴላዎቹ ተነቅለው ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) ይለካልህ። የኔው መካኒክ አንዱንም አላደረገም። ትንሽ አዳመጠና «በቃ» አለ። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ሞተር የሚሸጥ ሰው ነበረው። «የዱባይ ነው፣ ንጹህ ሞተር» ተባለ። ወረቀቱስ ስል ሻጩ «የሊብሬው ነገር ቀላል ነው፣ ኋላ ይስተካከላል» አለኝ። ገዛሁት፣ ተገጠመ።

ቦሎ ደረሰ። መርማሪው የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳከረ፣ አይገናኝም። ወደ ተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮ ተላክሁ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ስልኩን ሳያስቀምጥ «ሞተሩን ከየት አመጣኸው?» አለኝ፣ እንደ ሌባ። የግዢ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አምጣ ተባልኩ። ሻጩ ጋ ስመለስ «እኔ የሸጥኩልህ ብረት ነው» አለኝ። ቢሮው ደግሞ አንድ ቀን ስብሰባ ነው፣ አንድ ቀን ሲስተም የለም። ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ «ምሳ ሰዓት ነው» ብሎ መስኮቱን የዘጋብኝን ቀን አልረሳውም። ገና አምስት ሰዓት ተኩል ነበር! መኪናዋ ግቢ ቆመች፣ እኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልኩራ። አሮጌውን ሞተር ለመካኒኩ አልተውኩለትም ነበር። «ተወው፣ ለቁራሌው ነው» ቢለኝም እምቢ ብዬ ቤት አስጫንኩት። ባለቤቴ «ግቢውን ዘይት በዘይት አደረግከው» ብላ ስንቴ ተቆጥታለች። በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አግኝቼ አስከፈትኩት። ጓርኒሲዮኑ በውሃ መተላለፊያው በኩል ተበልቷል፣ ቴስታታው ትንሽ ተጣሟል። ሌላው ደህና! ቴስታታው ቶርኖ ቤት ተላገ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ፣ ብሎኖቹም ተቀየሩ። ሽማግሌው ብሎኖቹን በግምት አላጠበቃቸውም። በቶርክ መፍቻ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው ነው ያጠበቃቸው። እኔም እሱን አይቼ ነው ያመንኩት። ሞተሩ ቦታው ተመለሰ፣ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ገጠመ፣ ቦሎ ተለጠፈ። የመስኮቱን ሰውዬ ደጅ መጥናት ቀረልኝ።

የግድ መቀየር ካለበት ደግሞ ብር ከመክፈልህ በፊት ደረሰኝና የዲክላራሲዮን ኮፒ ያዝ። ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ራስህ አንብበህ አመሳክር። መጀመሪያ ቢሮ ሄደህ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቅ፣ ቢቆጡህም ጠይቅ።

«ልሽጣት ወይ?» ላልከው፣ እኔ አልሸጥም። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ መኪናውን የሸጠ ሰው ካገኘህ፣ በምትኩ ምን ገዛህ ብለህ ጠይቀው። የጥገናውን ዋጋ ግን አልጽፍልህም። የምንዛሬው ነገር በዚያው ዓመት ሐምሌ ከተለወጠ ጀምሮ የመለዋወጫ ዋጋ ዛሬ ጽፌልህ ነገ ውሸታም ያደርገኛል።

አሁን ኮምፕሬሽኑን አስለካና የአራቱንም ሲሊንደር ቁጥር እዚሁ ጻፍልን። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ብቻ ከወረዱ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥር። አራቱም ከወረዱ ያኔ ስለ ሞተር እናወራለን።